ሃይብሪድ ለአባዶ ሰው

ከየካ አባዶ ተነስቶ በጣፎ፣ በአያትና በሲኤምሲ አድርጎ መገናኛ የሚገባ ሰው ብዙ ቤንዚን የሚያቃጥለው ሰልፍ ውስጥ ቆሞ ነው። ቤንዚንና ኤሌክትሪክ ሞተር አጣምሮ የያዘው ሃይብሪድ መኪና ለእንዲህ ዓይነቱ መንገድ የተመቸ ነው። መኪናው ሲቆም የቤንዚን ሞተሩ ይጠፋል፤ ሲንፏቀቅ ባትሪው ያንቀሳቅሰዋል። ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ሠርቶ ሊባክን የነበረውን ጉልበት ለባትሪው ይመልሳል፤ የእንጦጦ ቁልቁለት ባትሪ ይሞላል፣ የፍሬን ሸራም ያቆያል። ዳገቱም ላይ ጥቅም አለው። ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰውም ቻርጅ ለማድረግ ገመድ በመስኮት አያወርድም።

ታዲያ ሃይብሪድ ለመግዛት አሮጌዋ የቤንዚን መኪና መቼ ትሸጥ? ጥገናው ከዋጋዋ ሲበልጥ የሚለው የውጭ ሰው ስሌት እዚህ ብዙ አይሠራም፤ ዲኤክስ ኮሮላ እንኳ አርጅታም ገዥ አላጣችም። ስለዚህ የሚያጣድፍ ነገር የለም። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው መቶውን ኪሎ ሜትር በ10 ሊትር ከሚሄድ መኪና በ5 ሊትር ወደሚሄድ ቢዛወር 50 ሊትር ያተርፋል። ያንን በማደያው ዋጋ ያባዛና ለሃይብሪዱ የሚጨምረውን ገንዘብ በስንት ወር እንደሚመልስ ይቁጠር። ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚነዳ ሰው ባይነካካው ይሻላል።

ዋናው ጣጣ ባትሪው ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ካልሆነ አውቶሞቢል አይገባም ከተባለ ወዲህ ደላላ የሚያሳየው ሃይብሪድ በአብዛኛው ቀድሞ የገባ ነው፤ ባትሪውም ከነዕድሜው ነው። የሁለተኛው ትውልድ ቶዮታ ፕሪየስ ባትሪ 28 ክፍሎች ተደርድረው የተሠራ ነው። አንዱ ሲደክም ሁሉንም ይጎትታል፤ እሱን ብቻ ቀይሮ መሸጥ ደግሞ የተለመደ ዘዴ ነው፣ የቀሩትም እኩዮቹ ስለሆኑ ብዙ አይቆዩም። ገዥው መካኒክ ይዞ ይሂድ፤ የክፍሎቹን ቮልቴጅ በኮምፒውተር ያስነብብ። የኋላ ወንበር አጠገብ ያለው የባትሪ ማቀዝቀዣ ፋን በአቧራ ተደፍኖ እንደሆነም ይይ። መኪናው ቆሞ ሳለ ሞተሩ ቶሎ ቶሎ እየተነሳ የሚጠፋ ከሆነ ባትሪው ኃይል አይዝም ማለት ሊሆን ይችላል። ሻጩ ይህን ሁሉ አላስፈትሽም ካለ፣ ያችኑ አሮጌ መኪና ቦሎ አሳድሶ መንዳት ነው።