የታመመ የጥርስ ሥር በምን ይታጠብ?

ጥርሱን የታመመ ሰው ሌሊቱን ተቀምጦ ያነጋል። በፈተና ሰሞን ይህን የቀመሰ ተማሪ ከመካከላችን አይጠፋም። ብዙዎቻችን የምናውቀው መድኃኒት በጉጠት መንቀል ብቻ ነው። ነገር ግን ሥሩ ገና ጽኑ የኾነ ጥርስ፥ ውስጡ ታጥቦና ተደፍኖ ለብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል። እንግዲህ በምን እንደሚታጠብ ለመግለጽ እንሞክራለን።

በጥርስ ሥር ውስጥ ነርቭና የደም ሥር የሚያልፍበት ጠባብ ቦይ አለ። ጥርሱ ሲቦረቦር ባክቴሪያ ወደዚያ ይገባና ሥጋው ይበሰብሳል። በ1965 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የአይጦችን ጥርስ እስከ ውስጡ ሥጋ ድረስ በስተው ቢመለከቱ፥ ያለ ባክቴሪያ ያደጉት አይጦች ቍስል ሲሽር የሌሎቹ ሥጋ ሞተ። ጠላቱ ባክቴሪያ መኾኑ በዚህ ታየ። ሐኪሙ ቦዩን በቀጭን ሞረድ ይፍቃል፤ ኾኖም ቦዩ ጠማማና ቅርንጫፍ ያለው ስለ ኾነ ሞረዱ የማይነካው ግድግዳ ይቀራል። የቀረውን ማጠብ የፈሳሽ ሥራ ነው።

አንደኛው ፈሳሽ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ ይኸውም ልብስ የምናነጣበት የበረኪና ዋና ንጥረ ነገር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሄንሪ ዳኪን የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት ከመቶ 0.5 እጅ አድርጎ ለወታደሮች ቍስል ማጠቢያ አዘጋጅቶት ነበር። ባክቴሪያን ይገድላል፥ የሞተውንም ሥጋ ያሟሟል። ክፋቱ፥ ከሥሩ ጫፍ አልፎ ቢወጣ ሕያዉን ሥጋ ያቃጥላል፤ ፊትም ያብጣል።

ሁለተኛው ክሎርሄክሲዲን ነው፤ ብዙ ጊዜ ከመቶ 2 እጅ ኾኖ ይዘጋጃል። ባክቴሪያን ይገድላል፥ ግድግዳውም ላይ ተጣብቆ ኃይሉ ይቆያል፤ ሥጋን ግን አያሟሟም።

ሦስተኛው ከመቶ 17 እጅ የኾነው ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. ነው። ይህ ካልሲየምን እየያዘ፥ ሞረዱ ግድግዳው ላይ የለቀለቀውን ፍቅፋቂ ያነሣል፤ ባክቴሪያን በመግደል ግን ደካማ ነው።

ከሦስቱ የትኛው ይበልጣል ማለት፥ ከማረሻና ከማጭድ የትኛው ይበልጣል እንደ ማለት ነው። ሥጋ የሚያሟሟው ሃይፖክሎራይት ስለ ኾነ በፍቂያው ጊዜ ሁሉ ደጋግሞ ይገባል፤ ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. በመጨረሻ ለጥቂት ጊዜ ይከተላል። በአንድነት መቀላቀል ግን ስሕተት ነው፤ ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. የሃይፖክሎራይትን ክሎሪን ያባክናል፤ ክሎርሄክሲዲንና ሃይፖክሎራይት ሲገናኙም ቡናማ ዝቃጭ ይወጣል። ስለዚህ ክሎርሄክሲዲን ካስፈለገ ቦዩ አስቀድሞ በሌላ ፈሳሽ ይለቀለቃል።

ደግሞም ጠንቃቃ ሐኪም ጥርሱን በስስ ጎማ ይከልላል፤ መርፌውንም በቦዩ ውስጥ ሳያጣብቅ ቀስ ብሎ ይገፋል። ከዚህ የተነሣ ማንም ሰው በቤቱ በረኪናን ወደ አፉ እንዳያስጠጋ እናሳስባለን።

ለመንቀል ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ የተነቀለው ግን ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ከወንበሩ ላይ በተቀመጥን ጊዜ «ሥሩ ታጥቦ ሊድን አይችልምን?» ብለን አስቀድመን እንጠይቅ።