ስለ ሕዝብ ቈጠራ መዝገብ መዘጋት

መንግሥት ሕዝቡን ሲያስቈጥር የእያንዳንዱ ሰው ስምና ዕድሜ፣ ሥራውና ቤተ ሰቡ ይጻፋል። ሰውም እውነቱን የሚናገረው ቃሉ ለጎረቤት ወይም ለግብር ሰብሳቢ እንዳይገለጥበት ያመነ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ በአሜሪካ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. በስምምነት ተወስኖ በ1978 ዓ.ም. በሕግ የጸና ሥርዓት አለ፤ ይኸውም የቈጠራው መዝገብ 72 ዓመት ተዘግቶ እንዲቈይ ነው። በዚህ ዘመን ውስጥ፣ መሐላ ከፈጸሙት ሠራተኞች በቀር፣ ባለ ስሙ ራሱ፣ ሞቶም እንደ ሆነ ወራሹ፣ ማስረጃ አቅርቦ የዚያን ሰው ቃል ይቀበላል እንጂ የሌላውን አያይም። ጠቅላላው ድምር ግን ሳይዘገይ ይታተማል፤ ለመንግሥት ሥራ የሚያስፈልገው ቍጥሩ እንጂ ስሙ አይደለምና።

ጥንቃቄው ከንቱ አይደለም። በ1942 ዓ.ም. ስለ ጦርነቱ የወጣ ሕግ የቈጠራውን ምሥጢር አንሥቶ ነበርና፣ በ1943 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ የሚኖሩ የጃፓን ተወላጆች ስምና አድራሻ ከቈጠራው መሥሪያ ቤት ለገንዘብ ሚኒስቴር ተሰጠ። መሥሪያ ቤቱ የማንንም ስም አልሰጠንም ሲል ብዙ ዘመን ኖሮ፣ ነገሩ በሊቃውንት ምርመራ የተገለጠው በ2007 ዓ.ም. ነው። በሕግ የተቈለፈ በሕግ ይከፈታል፤ ቍልፉን የያዘው ሹም ግን የቱን ያህል ይቸኵል ነበር!

ዘመኑ ሲፈጸም መዝገቡ ለሁሉ ይገለጣል። የ1950 ዓ.ም. ቈጠራ በኤፕሪል 1 ቀን 2022 ዓ.ም. በኮምፒዩተር መረብ ወጣ፤ የ1960 ዓ.ም. ቈጠራ እስከ 2032 ዓ.ም. ተዘግቶ ይቈያል።