ከተማን ከከፍታ ላይ ለማየት

ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ከሰቆጣ ወደ አዲስ አበባ የተላከ ሠራተኛ በወልድያና በደሴ በኩል ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ይገባል። ጉዳዩን ፈጽሞ ግማሽ ቀን ቢተርፈው ከተማዋን በሙሉ ለማየት ይመኛል። የዋግ ሰው በተራራ መካከል ያደገ ነውና አገርን ከከፍታ ላይ ሆኖ መቃኘት አዲስ አይሆንበትም፤ የሚያስቸግረው ከየት፣ በምን ሰዓትና በምን መጓጓዣ የሚለው ነው።

ከቦታው በፊት ሰዓቱን መምረጥ ይገባል። በበጋ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ የማገዶውና የመኪናው ጢስ ወደ ላይ ሳይወጣ በከተማዋ ላይ ተኝቶ ያድራል። በማለዳ ወደ ጋራ የወጣ ሰውም ብዙ ጊዜ የሚያየው ጉም የመሰለ መጋረጃ ነው። ፀሐይ ምድሩን ካሞቀችና ነፋስ ከተነሣ በኋላ ይገለጣል። በክረምት ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚወርድ የጠራ አየር የሚያገኘው ማልዶ የተነሣው ነው። ለእኔ ከመስቀል በኋላ ያለውን የጥቅምት ሰሞን የሚያህል የለም።

ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው እንጦጦ ከተማዋን ከሰሜን ወደ ደቡብ ቁልቁል ያሳያል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚያው በእንጦጦ ማርያም ነው፤ ከተማዋ ከጋራው ወደ ፍል ውሃ ሜዳ እንዴት እንደ ወረደች ከላይ ሲመለከቱት ይገባል። መንገደኛው እስከ ሽሮ ሜዳ በአውቶቡስ ወይም በታክሲ ሄዶ፣ ከዚያ ዳገቱን የሚወጣ ሌላ ታክሲ ይይዛል።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡርም በለገሃርና በሜክሲኮ በኩል በድልድይ ላይ ከፍ ብሎ ያልፋል፤ በመስኮት አጠገብ ቦታ ለቀናው ሰው በትኬት ዋጋ የተገኘ ሰገነት ነው! ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመውና በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የንግድ ባንክ ሕንፃ ከዚያ አካባቢ ጎልቶ ይታያል።

ወደ ሕንፃ ጣራ መውጣት የሚሻ ደግሞ አስቀድሞ ይጠይቅ። የመሥሪያ ቤት ጣራ ያለ ፈቃድ አይወጣም፤ ከላይኛው ፎቅ ላይ ምግብ ቤት ያለው ሆቴል ግን በቡና ዋጋ ያስተናግዳል። መታወቂያ አይረሳ፤ ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊትም ጠባቂውን ማነጋገር ደግ ነው። የፎቁ ቁጥር ብዛት ማንንም አያታልል። በዝቅተኛ ስፍራ በሕንፃዎች የተከበበ ረጅም ፎቅ የጎረቤቱን መስኮት ብቻ ያሳያል፤ በፒያሳ ከፍታ ላይ ያለ መካከለኛ ሕንፃ ግን ፊቱ ወደ ደቡብ ከሆነ፣ በ1957 ዓ.ም. ከተመረቀው ማዘጋጃ ቤት አንሥቶ የቸርችልን ጎዳና እስከ ለገሃር ድረስ ይዘረጋል።

የከተማዋን መብራት ለማየት የሚፈልግ ከ12 ሰዓት በፊት ከላይ ይገኝ። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆንን የምሽቱ ድንግዝግዝታ አጭር ነው፤ ፀሐይ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ይህም ሰዓት ሠራተኛው ሁሉ ለታክሲ የሚሰለፍበት ነው። ስለዚህ እንጦጦን ለቀን ትቶ፣ ለምሽት ከማረፊያው በእግር የሚደረስበትን ጣራ መምረጥ ይሻላል፤ በተለይ በማግስቱ ገና ሳይነጋ ወደ ደሴ የሚነሣ አውቶቡስ ለሚጠብቀው።