«ብርድ መታኝ»፦ የሴቶች የወገብ ሕመም መንስኤዎች በአዩርቬዳና በአገራችን ልማድ ዕይታ

(ፒያሳ በሚገኘው አዳራሽ ከቀረበ ሕዝባዊ ንግግር የተገለበጠ ጽሑፍ)



አብዛኞቻችሁ ወደዚህ የመጣችሁት ከስድስት ኪሎ ቁልቁል ወርዳችሁ ወይም የቸርችልን ዳገት ወጥታችሁ ነው። አራዳ ወገብ የሚፈትን ሰፈር ነው። እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ በሠራተኛ ሰፈር ትኖር ነበር፤ በርበሬና ቅመም ትሸጥ ነበር። ማታ ማታ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ጀርባዋን ወደ ፍሙ ታዞርና «ልጄ፣ ወገቤን ብርድ መታኝ» ትለኝ ነበር። ያን ጊዜ ንግግሯ የድካም እሮሮ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የሕክምና ታሪክ ማጥናት ከጀመርኩ በኋላ ግን በዚያች አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ሙሉ የሕመም ትንታኔ እንዳለ ተረዳሁ። ለዚህም በር የከፈተልኝ የሕንዶቹ የአዩርቬዳ ሕክምና ነው።

ዛሬ የምናገረው አዩርቬዳን ለማወደስም ለማጣጣልም አይደለም። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ አንዲት ሴት ወገቧን ሲያማት መንስኤውን የምትገልጽበት ቋንቋ መቼ ይጠቅማታል? መቼስ ይጎዳታል?

አዩርቬዳ ሰውነት ከአምስት መሠረታውያን ነገሮች ማለትም ከሰማይ፣ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት እንደተሠራ ያስተምራል። ከእነዚህ ሦስት ኃይሎች ይወለዳሉ፦ ቫታ፣ ፒታና ካፋ። ቫታ የነፋስ ኃይል ነው፤ ጠባዩ ቀዝቃዛ፣ ደረቅ፣ ቀላልና ተንቀሳቃሽ ነው። «ቻራካ ሳምሂታ» የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ከቫታ ብቻ የሚመጡ 80 ሕመሞችን ሲቆጥር፣ ከፒታ 40፣ ከካፋ ደግሞ 20 ይቆጥራል። የወገብ ሕመም በዋነኛነት የሚመደበው በቫታ ሥር ነው።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰ ሰው ይህን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። የእኛም ሊቃውንት የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውሃና ከመሬት የተገኘ መሆኑን ያስተምራሉ። ሁለቱ ትምህርቶች አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ምንጫቸውም ዓላማቸውም ይለያያል። ነገር ግን የሕንድ ሐኪም «ቫታ ተነሣ» ሲል፣ አክስቴ «ብርድ መታኝ» ስትል፣ ሁለቱም ሕመሙን ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ነገር ጋር ያያይዙታል፤ ሁለቱም መድኃኒቱን በሙቀትና በቅባት ይፈልጉታል።

አዩርቬዳ ስለ ሴቶች የተለየ ነገር አለው። ቫታ በአምስት ይከፈላል፤ ከአምስቱ አንዱ «አፓና» ይባላል። መቀመጫው ከእምብርት በታች ነው፤ የወር አበባን፣ ወሊድን፣ ሽንትንና ዓይነ ምድርን ወደ ታች የሚገፋው እርሱ ነው። ስለዚህ የአፓና መታወክ በአንድ በኩል በማሕፀን፣ በሌላ በኩል በወገብ ይገለጣል። እስቲ ቫታን ያስነሣሉ የተባሉትን መንስኤዎች ከከተማችን ኑሮ ጋር እናስተያያቸው።

አንደኛው ከአቅም በላይ መሥራትና ከባድ ሸክም ነው። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው በሽሮ ሜዳ በኩል የሚወርዱ ሴቶችን ሁላችንም አይተናል። ሸክማቸው ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም ይበልጣል። ጎንበስ ብሎ መሄድ የአከርካሪን ዲስኮችና ጡንቻዎች እንደሚያስጨንቅ ዘመናዊው ሕክምናም ይስማማል። እንስራውንና ሕፃን የታዘለበትን አንቀልባ ስንጨምርበት፣ የሴቲቱ ጀርባ ከልጅነቷ ጀምሮ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው የእንቅልፍ እጦት፣ ሐሳብና ደረቅ ምግብ ነው። እዚህ ላይ መንገዱ ይለያያል። ዘመናዊው ሕክምና የወገብ ሕመምን ከምግብ ድርቀት ጋር አያያይዝም። እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ግን ሕመሙን እንደሚያባብሱና ሥር እንዲሰድ እንደሚያደርጉት ይቀበላል።

ሦስተኛው ብዙዎቻችን የማናስበው ነው፦ የተፈጥሮን ጥሪ ማፈን። ቻራካ መታፈን የሌለባቸውን 13 ጥሪዎች ሲዘረዝር ሽንት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። አሁን ቀኑን ሙሉ በመንገድ ዳር ተቀምጣ የምትሸጥ ሴት አስቡ። በአቅራቢያዋ ንጹሕ መጸዳጃ የለም፤ ስለዚህ ውሃ አትጠጣም፤ ሽንቷንም ትይዛለች። ይህ ልማድ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ሲወጣ ሕመሙ በጎንና በጀርባ ይሰማል፤ እርሷም «ወገቤን ያዘኝ» ትላለች። የዚህች ሴት የወገብ ሕመም መንስኤ በከፊል የመጸዳጃ ቤት እጦት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

አራተኛው የወር አበባ፣ እርግዝናና ወሊድ ነው። በእርግዝና ወቅት የሰውነት ሚዛን ወደ ፊት ያዘነብላል፤ በሆርሞን ምክንያት የዳሌ ጅማቶች ይላላሉ። በወር አበባ ጊዜ የሚመጣ ሕመም ወደ ወገብ ይዘልቃል፤ የማሕፀን መውጣትም ወገብን ይጎትታል። ከወሊድ በኋላ ስላለው ጊዜ ግን ቻራካን ሳነብ የአገሬን የአራስ ቤት ያየሁ መሰለኝ። አራሷ ቅባት ትጠጣለች፣ ትታሻለች፣ በሞቀ ውሃ ትታጠባለች፤ ቫታ ባዶ ቦታ አግኝቶ እንዳይታወክ ሆዷ በሰፊ ጨርቅ ይጠመጠማል። እኛም ዘንድ አራሷ ገንፎ በቅቤና አጥሚት ትመገባለች፤ ወገቧ በመቀነት ይታሰራል፤ ከብርድ ትጠበቃለች። የዚህ ልማድ ትልቁ ጥቅም ከቅቤውም ከመቀነቱም ይልቅ ዕረፍቱ ይመስለኛል። በወለደች በሳምንቷ ወደ ገበያ የምትመለስ ደሃ እናት የተነፈገችው ይህንኑ ነው።

አምስተኛው ዕድሜ ነው። አዩርቬዳ እርጅና የቫታ ዘመን፣ አጥንትም የቫታ ማደሪያ ነው ይላል። የወር አበባ ሲቋረጥ ኤስትሮጅን ስለሚቀንስ አጥንት እንደሚሳሳ፣ የአከርካሪ አጥንትም በቀላሉ ሊሰበር እንደሚችል ዛሬ እናውቃለን። ማብራሪያው ቢለያይም ሁለቱም ትምህርቶች የሚያመለክቱት ያንኑ ዕድሜና ያንኑ አጥንት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ጀርባ ሕመም ነበረባቸው፤ ሕመሙ በሴቶች ላይ ይበዛል። ከ100 ታማሚዎች ውስጥ በ90ዎቹ ገደማ ሕመሙን የሚያስረዳ የተለየ በሽታ አይገኝም። ለእነዚህ ሰዎች ሙቀት፣ እሸት፣ እንቅስቃሴና ማጽናኛ ብዙ ይረዳሉ። «ብርድ» የሚለው ትንታኔ ለእነርሱ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ወደ ሙቀትና ወደ ዕረፍት ይመራቸዋል።

ችግሩ ያለው በቀሩት ዘንድ ነው። አክስቴ ከእነርሱ አንዷ ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ታሸች፣ ዋግምት ተደረገላት፣ ፍል ውሃ ተመላለሰች። ማታ ማታ ያልባት ነበር፤ ቀሚሷ እየሰፋት ሄደ። «ብርዱ ሲወጣ ነው» ተባለ። በመጨረሻ የታወቀው የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ መሆኑ ነበር። መድኃኒቱን ለወራት ወስዳ ዳነች፤ ጀርባዋ ግን እንደጎበጠ ቀረ። ማንንም አልወቅስም፤ እኔም አብሬ ጀርባዋን በቅቤ ካሹት አንዱ ነኝና። ስሕተታችን ማሸታችን አልነበረም። ስሕተታችን ስሙን ካገኘን በኋላ መጠየቅ ማቆማችን ነበር።

ስለዚህ ተማሪዎቼ እነዚህን ምልክቶች እንድትይዙልኝ እለምናለሁ፦ ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ፤ ያለ ምክንያት መክሳት፤ ተኝተው የማይተው የሌሊት ሕመም፤ የእግር መስነፍ፤ በጭን መካከል መደንዘዝ፤ ሽንትን ወይም ዓይነ ምድርን መቆጣጠር አለመቻል፤ በዕድሜ በገፋች ሴት ላይ ከመውደቅ በኋላ የመጣ ሕመም፤ በነፍሰ ጡር ላይ ደም የታከለበት ሕመም። ከእነዚህ አንዱ ካለ ቦታው ሐኪም ቤት ነው፤ የእግር መስነፍና ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ሲኖር ደግሞ በዚያው ዕለት።

ስለ ሕክምናውም ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። ባህላዊ መሆን ደኅንነትን አያረጋግጥም። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ በቦስተን አካባቢ ከተገዙ 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ መገኘቱ ታትሟል። የእኛም ዋግምት ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው በሚተላለፍ ምላጭ ከተደረገ የጉበት ቫይረስንና ኤችአይቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። ሁለተኛ፣ ዕረፍት መልካም ቢሆንም ለቀናት አልጋ ላይ መዋል የወገብ ሕመምን አያድንም፤ በልክ መንቀሳቀስ ይሻላል።

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ወደ ፍል ውሃ ባያዘነብሉ ኖሮ፣ ዛሬ የቆምንባት ከተማ ምናልባት እዚህ ባልተቆረቆረች ነበር። አዲስ አበባ ራሷ ሙቀት ፍለጋ የተወለደች ከተማ ናት ማለት ይቻላል። ስለዚህ አንዲት እናት ነገ በክሊኒካችሁ ገብታ «ብርድ መታኝ» ብትላችሁ አትሳቁባት። ከ2,000 ዓመት በላይ የኖረ ሐሳብ የሚመስል ነገር እየነገረቻችሁ ነው። ነገር ግን እዚያ አታቁሙ። «እናቴ፣ መቼ ጀመረዎት? ምን ይሸከማሉ? መቼ ወለዱ? ሌሊት ያልብዎታል? መጸዳጃ የት ይጠቀማሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። አክስቴን ያን ጊዜ እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ቢኖር ኖሮ ቀጥ ብላ ታረጅ ነበር።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።