ትንሿን ጠርሙስ ላስተዋውቃችሁ

እናቶቻችን ለመጠጥ ዕቃ ሲመርጡ ተሳስተው አያውቁም። ጠላ በዋንጫ ወይም በጣሳ ይቀዳል። ጠጅ አንገቱ በቀጠነ ብርሌ ይቀርባል። አረቄ ሲመጣ ግን መለኪያ ይወጣል፤ ስሙ ራሱ ሥራውን የሚናገር ዕቃ ነው። መጠጡ በበረታ ቁጥር ዕቃው እያነሰ ይሄዳል። ይህን የደነገገ አዋጅ የለም፤ ግን አረቄ በጣሳ ሞልቶ የሚያቀርብ ባለቤት ቢገጥመን ሁላችንም ደንግጠን እጃችንን እንሰበስባለን።

ቢራ ላይ ስንደርስ ይህ ዕውቀት ይጠፋብናል። ቢራ ለብዙዎቻችን አንድ ነገር ነው፦ ቆርኪው ይከፈታል፣ ይቀዳል፣ ይደገማል። እኔም ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ባለ አንድ ሊከር ስቶር የማታ ፈረቃ ይዤ ዘጠኝ ዓመት እስክሠራ ድረስ እንደዚያ ነበር የማስበው። በእነዚያ ዓመታት ከመደርደሪያው ሁሉ አብልጬ የወደድኩት ውድ ውስኪ ወይም የፈረንሳይ ወይን አልነበረም። መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ ኃይለኛ ቢራ የያዘች ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ ነበረች። ደንበኛ አንስቶ ያያትና "ይቺ ደግሞ ለማን ትበቃለች?" ብሎ ሲመልሳት ይቆጨኝ ነበር። ዛሬም ይቆጨኛል።

መሠረቱን ባጭሩ ልጨርስ። ክራፍት ቢራ የሚባለው አነስተኛ ጠማቂዎች ከብዛቱ ይልቅ ለጣዕሙ ተጨንቀው የሚጠምቁት ቢራ ነው። ተራ ቢራ አልኮሉ 5 በመቶ ገደማ ነው፤ ኃይለኛው ከ8 በመቶ ይጀምርና 12ንም ያልፋል። ብቅሉ ይበዛል፣ ጊዜው ይረዝማል። የሚታሸገው ደግሞ በብዙ መጠን ነው፦ ተራው ባለ 12 አውንስ ጠርሙስ 355 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ "ቦምበር" የሚሉት ባለ 22 አውንስ 650 ሚሊ ሊትር ነው፤ ባለ ቡሹ የቤልጅግ ዓይነት 750 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ባለ 16 አውንሱ ካን 473 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ከእነዚህ ሁሉ ሥር ትንሿ አለች።

መጠኑ ለምን እንዲህ ተዘበራረቀ ለሚል መልሱ ሕጉ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለወይንና ለአረቄ የጠርሙስ መጠን ደንግጓል፤ ለቢራ ግን አልደነገገም። ግዛቶቹ ግን በየፊናቸው ደንግገዋል። ፍሎሪዳ እስከ እ.ኤ.አ. 2001 ድረስ ቢራ በ8፣ በ12፣ በ16 ወይም በ32 አውንስ ካልሆነ እንዳይሸጥ ትከለክል ነበር፤ ባለ 750 ሚሊ ሊትሩም ቦምበሩም በዚህ ምክንያት በሯን አይረግጡም ነበር። አላባማ ደግሞ እስከ 2012 ድረስ ከ16 አውንስ የሚበልጥ የቢራ ጠርሙስ አትፈቅድም ነበር። ሰው ጠማቂው እንደመሰለው ቀርጾ ያመጣው ይመስለዋል እንጂ፣ ከአንዳንድ ጠርሙስ ጀርባ የሸንጎ ክርክር አለ።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ ልምጣ። አረቄ ትልቅ ጠርሙስ ውስጥ ቢኖር ችግር የለውም፤ አንድ መለኪያ ይቀዳና ክዳኑ ይመለሳል፣ ለወርም ይቆያል። ቢራ እንደዚያ አይደለም። ቆርኪው አንዴ ከተነሣ ጋዙ ይወጣል፣ አየር ይገባል፣ በማግስቱ የሚቀረው የሞተ ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ቢራ የከፈተ ሰው ሳይወስን ወስኗል፤ የከፈተውን ሊጨርስ ነው። የአረቄ መለኪያው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ የቢራ መለኪያ ግን ራሱ ጠርሙሱ ነው። ጠማቂው የጠርሙሱን መጠን ሲመርጥ ለጠጪው መጠኑን እየለካለት ነው። ይህ ያልገባው ጠማቂ 11 በመቶ ቢራ በቦምበር ያሽጋል፤ ያልገባው ገዢ ደግሞ ቦምበሩን ይዞ ብቻውን ይቀመጣል።

እንግሊዞች ይህን ቀድመው ያውቁ ነበር። "ባርሊ ዋይን" የሚሉት፣ የገብስ ወይን እንደማለት፣ ከቢራዎቻቸው ሁሉ የበረታው ነው። እሱን "ኒፕ" በምትባል፣ የፓይንት ሲሶ ያህል በምትይዝ ጠርሙስ ያሽጉት ነበር። ፍሪትዝ ሜታግ የተባለው የሳን ፍራንሲስኮው የአንከር ቢራ ፋብሪካ የያኔ ባለቤት እ.ኤ.አ. በ1975 ኦልድ ፎግሆርን የተባለውን የአሜሪካ ባርሊ ዋይን ሲጠምቅ ትንሿን ጠርሙስም አብሮ ወረሰ፤ ባለ 7 አውንስ ነበረች። እኔ በሠራሁበት ዘመን ደግሞ ሁለት ነበሩኝ። አንደኛው የማንቸስተሩ ጄ ደብሊው ሊስ ይጠምቀው የነበረው ሃርቨስት ኤል ነው፤ 11.5 በመቶ፣ ባለ 275 ሚሊ ሊትር፣ ዓመተ ምሕረቱ የተጻፈበት። ሁለተኛው ከቤልጅግ ፒፔ መንደር፣ ከዱቢዊሶን ቤት የሚመጣው ስካልዲስ ነው፤ 12 በመቶ፣ ባለ 250 ሚሊ ሊትር። ይህ ቢራ በአገሩ ቡሽ ይባላል። አሜሪካ ሲገባ አንሃይዘር ቡሽ ከሚባለው ግዙፍ ፋብሪካ ስም ጋር ስለተጋጨ ስካልዲስ ተባለ፤ የስኬልት ወንዝ የላቲን ስም ነው። ጠማቂውን የቢራውን ስም አስቀይረውታል፤ ጠርሙሱን ግን አላስተለቁትም። ይህ ደስ ይለኛል።

ጋሼ አንድ ቀን ምሽት ሲገቡ ትዝ ይለኛል። በሰፈሩ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው፤ ጡረታ የወጡ፣ ዘወትር አንድ ዓይነት ቢራ የሚገዙ ሰው ናቸው። የዚያን ዕለት ግን ከላይ ካለው መደርደሪያ ጥቁር መለያ ያለበት ቦምበር አንሥተው ገንዘብ መክፈያው ላይ አቆሙት።

"ይኼ ትልቁ ዋጋው ደኅና ነው። ምን ዓይነት ነው ልጄ?"

"ጋሼ፣ ይኼ እንደሚያውቁት ቢራ አይደለም። 11 በመቶ ነው።"

"ታዲያ ቢራ ምን ያደርገኛል?"

ደረሰኝ ገልብጬ አሰላሁላቸው። አሜሪካኖች አንድ መጠጥ ብለው የሚቆጥሩት 14 ግራም አልኮል ነው፤ ባለ 12 አውንስ፣ 5 በመቶ የሆነ አንድ ቢራ ማለት ነው። ይህ ቦምበር ደግሞ 650 ሚሊ ሊትር፣ 11 በመቶ። አልኮሉ ብቻውን 56 ግራም ገደማ ይመጣል። "አራት ቢራ ነው ጋሼ፤ በአንድ ቆርኪ የታሸገ አራት ቢራ።" የ7 አውንሷን ጨምሬ አሰላሁ፤ 9 በመቶ ቢሆን ወደ 15 ግራም፣ አንድ መጠጥ ብቻ። የስካልዲሷ ሁለት አትሞላም። ጋሼ ወረቀቱን አንሥተው ራቅ አድርገው አነበቡት። ከዚያ ቦምበሩን ወደኔ ገፋ አድርገው፣ "እና ይኼን ለምን በመለኪያ አያደርጉትም?" አሉ።

ዘጠኝ ዓመት ቆሜ ከሰማሁት ሁሉ ትክክለኛው ጥያቄ ያ ነበር። ስካልዲሷን አወጣሁላቸው። "አድርገውታል ጋሼ፤ ይቺውልዎት።"

ቦምበሩ ግን ከየት መጣ? ክፋት የለበትም። ክራፍት ቢራ ሲጀመር ጠማቂዎቹ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ብዙዎቹ በእጅ ነበር የሚሞሉት። ትልቅ ጠርሙስ ማለት ጥቂት ቆርኪ፣ ጥቂት መለያ ወረቀት፣ ትንሽ ድካም ነው፤ ስድስት ስድስቱን የሚያቅፍ ካርቶንም አይፈልግም። አንድ አንዱ ለብቻው ስለሚሸጥም ሰው ሳይፈራ ይሞክረዋል። ለ5 በመቶ ቢራ መልካም ዕቃ ነበር። ስሕተቱ የመጣው ቢራው ሲበረታ ዕቃው ባለበት ሲቀር ነው። ጠላው አረቄ ሆኖ ጣሳው ሳይቀየር ቀረ ማለት ነው።

ለትልቁ ጠርሙስ የሚገባውን ክብር ግን አልነፍገውም። አንደኛ፣ ለማቆየት ይሻላል። ከቆርኪው ሥር የምትቀረው አየር ከፈሳሹ ጋር ስትነጻጸር በትልቁ ውስጥ ታንሳለች፤ ስለዚህ ቢራው ዝግ ብሎ ያረጃል። ትንሿ ቶሎ ትበስላለች። ሁለተኛ፣ ባለ 750 ሚሊ ሊትሩ የቤልጅግ ጠርሙስ የከበደው ለጌጥ አይደለም። ብዙዎቹ እርሾና ስኳር ተጨምሮባቸው ጠርሙሱ ውስጥ እንደገና ይፈላሉ፤ ጋዙ ስለሚበረታ ወፍራም ብርጭቆ፣ ጠንካራ ቡሽና አሣሪ ሽቦ ያስፈልጋቸዋል። ጠርሙሱ የመጨረሻው ጋን ነው እንጂ ዕቃ ብቻ አይደለም።

ይህን ጠርሙስ ቤቴ ስከፍት ቀድሜ አንድ ቀን ሙሉ አቆመዋለሁ። እርሾው እታች ይረጋል። ከዚያ ጠርሙሱን ሳልመልስ፣ ቀስ ብዬ፣ በአንድ መንፈስ በየብርጭቆው እቀዳለሁ። የመጀመሪያው ብርጭቆ ጥርት ያለ ነው። ሁለተኛው ትንሽ ይደበዝዛል። ሦስተኛው ላይ አተላው ይነሣል፤ ቢራው እንደ ጉሽ ጠላ ይደፈርሳል፣ ይወፍራል፣ የዳቦ ሽታ ይሸታል። ቡና ላይ አቦሉ ወፍራም፣ ቶናው መካከለኛ፣ በረካው ቀጭን ነው። እዚህ የተገላቢጦሽ ነው፤ በረካው ነው የሚወፍረው። የማይወዱት ሰዎች አሉ፤ ይተዉት። "ተበላሽቷል" ብለው መልሰው የሚያመጡ ግን ያሳዝኑኛል። ጉሽ ጠጥቶ ያደገ ሰው እርሾ ሲያይ ሊደነግጥ አይገባም።

እግረ መንገዴን ጥቂት ልቆጣ። ቢራ እንደ ወይን አይጋደምም። ወይን የሚጋደመው ቡሹ እንዳይደርቅ ነው፤ እርሾ ያለበት ቢራ ከተጋደመ አተላው ጎኑ ላይ ይለጠፍና ሲቀዳ ሁሉም ብርጭቆ ላይ ይበተናል። ቀጥ ብሎ ይቁም። መስኮት ላይም አይቀመጥ። ጠርሙሱ ቡናማ የሆነው ብርሃን ጌሾ መሰሉን አበባ፣ ሆፕስ የሚሉትን፣ ሲያገኘው መጥፎ ጠረን ስለሚፈጥር ነው፤ አረንጓዴና ነጭ ብርጭቆ ይህን እምብዛም አይከላከሉም። በሰም የተነከረ አንገት ሲያጋጥማችሁ ቢላ አታንሡ፤ አንድ ደንበኛዬ ሰሙን ልፋቅ ብሎ አውራ ጣቱን ተርትሯል። መክፈቻውን ከነሰሙ ቆርኪው ላይ ጫን አድርጎ ማንሣት ይበቃል።

ካኑን የሚንቁትንም አልደግፍም። ውስጡ በስስ ሽፋን የተለበጠ ስለሆነ ቢራው ብረቱን አይነካውም፤ ብርሃን ፈጽሞ አያስገባም። ኦስካር ብሉዝ የተባለው የኮሎራዶ ጠማቂ እ.ኤ.አ. በ2002 ክራፍት ቢራውን በካን ማሸግ ጀመረ፤ በኋላም 10.5 በመቶ የሆነውን ቴን ፊዲ የተባለ ቢራ በባለ 12 አውንስ ካን አወጣ። ካኖቹ ሲበዙ ቦምበሮቹ ከመደርደሪያዬ አንድ በአንድ ወረዱ። ደስ ያለኝ ግማሹን ነው፤ ብዙ ጠማቂ ኃይለኛውን ቢራ ወደ ባለ 16 አውንስ ካን አዛወረውና ያው ጣሳ ሆነ።

ትንሿን ጠርሙስ ጠማቂዎች ብዙም የማይወዷት በወጪ ነው። ቆርኪው፣ መለያው፣ መሙያው ለትንሿም ለትልቁም አንድ ነው፤ ገዢው ደግሞ የሚያነጻጽረው በአውንስ ነው። "ትልቁ በዚሁ ዋጋ እጥፍ ይሆናል" ይላል። ልክ ነው፤ አውንሱ እጥፍ ይሆናል። ግን ከሁለተኛው ብርጭቆ በኋላ ምላስ ደንዝዞ የሚጠጣው ቀሪው ቢራ፣ ጠማቂው ወራት የለፋበት ጣዕም ሳይታወቅ የሚወርድበት ነው። ገንዘቡ የሚባክነው እዚያ ላይ ነው። ትንሿ የመጨረሻ ጉንጯም እንደ መጀመሪያዋ ትጣፍጣለች።

ጋሼ ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እየመጡ "ያቺን መለኪያ" ይሉኝ ጀመር፤ አንድ ብቻ ነው የሚወስዱት። የፋሲካ ዋዜማ ግን ገብተው ቀጥ ብለው ባለ ቡሹ ትልቅ ጠርሙስ ፊት ቆሙ፤ ዞር ብለው አዩኝ።

"ስንት ናችሁ ጋሼ?" አልኳቸው።

"ልጆቹ ከነባሎቻቸው ይመጣሉ። ከኔ ጋር አምስት።"

"እንግዲያው ይውሰዱት። አሁኑኑ ያቁሙት፤ እስከ ነገ ይረጋል።"

ጠርሙሱን እንደ ሕፃን ቀጥ አድርገው አቅፈው ወጡ።