ቁልቁለት ላይ «ፍሬን በጠሰብኝ» ለምትሉ ሞተረኞች

ዛሬ ከደም ግፊትና ከስኳር ወጣ ብለን ስለ ሞተር ሳይክል እናውራ። «ዶክተር ምን አገባህ?» እንዳትሉኝ፤ እኔም ሥራ የምመላለሰው በሞተር ነው። ደግሞ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ስሆን ቁልቁለት ላይ ከወደቁት የምሰማት ቃል አንድ ናት፦ «ፍሬን በጠሰብኝ»። ጠጋ ብዬ ስጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ነገር የለም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው በፎሌ ነው የወረዱት።

አዲስ አበባን ታውቋታላችሁ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርዱ ማርሽ ካስገባችሁ ሞተሩ ራሱ ይይዛችኋል። በፎሌ ከሆነ ግን ሸክሙ በሙሉ ፍሬን ላይ ነው። ፍጥነታችሁ እጥፍ ሲሆን ለማቆም የፍሬኑ ሥራ አራት እጥፍ ይሆናል። ፍሬን የሚሠራው በፍትጊያ ስለሆነ ሲረገጥ ሲረገጥ ይግላል፤ በጣም ከጋለ መያዝ ይተዋል። ሲበርድ ተመልሶ ይይዛል። ጋራዥ ሲወሰድ «ምንም አልሆነም» የሚባለውም ለዚህ ነው!

ስለዚህ ማርሽ ቀንሱ፣ ያውም ቁልቁለቱ ሳይጀምር። ያንን መንገድ በሁለተኛ ማርሽ የምትወጡት ከሆነ በሁለተኛ ውረዱት። ነዳጅ እስካልሰጣችሁ ድረስ ሞተሩ የሚጠጣው ትንሽ ነው፤ በፎሌ የምትቆጥቡት ለአንድ ማኪያቶ እንኳን አይበቃም።

ብዙ ሰው የፊት ፍሬን ይፈራል። ቁልቁለት ላይ ግን ክብደት ወደ ፊት ስለሚመጣ በዋናነት የሚያቆማችሁ እሱ ነው። የኋላውን ብቻ አጥብቃችሁ ከረገጣችሁ ጎማው ተቆልፎ ይንሸራተታል። ሁለቱንም ያዝ ለቀቅ አድርጉ፣ የፊቱን ደግሞ በድንገት አትጭመቁት። ክረምት ላይ፣ በተለይ የረጠበ ኮብልስቶን ላይ፣ ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ሳይደርስ ነው።

ዳገት ላይ ስትቆሙ ተቃራኒው ነው፦ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ በኋላ ፍሬን ያዙ። ግራ እግር መሬት፣ ቀኝ እግር ፔዳል ላይ። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ስትለቁ ሞተሩ መሳብ ሲጀምር ያኔ ፍሬኑን ልቀቁ።

ሄልሜት የመሞት ዕድልን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ አሳይተዋል። ማሰሪያው ከታሰረ ነው ታዲያ! ያልታሰረ ሄልሜት ከእናንተ ቀድሞ ነው የሚወርደው። ከኋላ የተቀመጠውም ሰው ጭንቅላት አለው።

የወደቀ ሰው ካያችሁ ሄልሜቱን ጎትታችሁ አታውልቁ፣ አንገቱን አታንቀሳቅሱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ጥሩ። «ደህና ነኝ» ብሎ የተነሳውንም ቢያንስ እስከ ማግስቱ ብቻውን አትተዉት። ጭንቅላት ውስጥ የሚፈስ ደም ከሰዓታት በኋላ ሊታወቅ ይችላል። የራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ንግግሩ ከተንተባተበ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው «ይተኛና ይሻለዋል» አትበሉ፤ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል አምጡት።