አዲስ ቦይለር ተገጥሞ ውሃው ለብ ብቻ የሚለው ለምንድን ነው?

ጎንደርም ሆነ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ደባርቅ፣ ቦይለር ያስገጠሙ ደንበኞች የሚያነሱት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «አዲስ ዕቃ ነው፤ ውሃው ግን ለብ ከማለት አያልፍም።» ብዙ ጊዜ ዕቃው ጤነኛ ነው።

መጀመሪያ ቱቦዎቹን እዩ። ሰማያዊው የቀዝቃዛ መግቢያ፣ ቀዩ የሙቅ መውጫ ነው። ግድግዳ ላይ በቁሙ በሚሰቀለው ቦይለር መግቢያው ውሃውን ከታች ይለቃል፤ መውጫው ወደ ላይ ዘልቆ እዚያ የተጠራቀመውን ሙቅ ይቀዳል። ከተቀያየሩ ቀዝቃዛው ከላይ እየገባ ሙቁን ያበርደዋል፤ ወደ ሻወሩ የሚሄደውም የታችኛው ውሃ ይሆናል። ጫኙን መልሳችሁ ጥሩና ያስተካክል፤ መብራቱ ሳይጠፋ ግን ማንም አይንካው።

ሁለተኛው ምክንያት የመብራቱ ጉልበት ነው። 80 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ባለ 1,500 ዋት ቦይለር በ220 ቮልት 3 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ቮልቴጁ ወደ 180 ከወረደ ጉልበቱ በሲሶ ይቀንሳል፤ ጊዜውም ከ4 ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት አብርታችሁ አትፍረዱበት።

አደራ፣ የደህንነት ቫልቩ ተንጠባጠበ ብላችሁ አትድፈኑት። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ መተንፈሻ ካጣ ጋኑ ሊፈነዳ ይችላል።